የቦኖዋ አምባሳደርና ቀይ አለላ የታሰረበት ድንጋይ

በፈረስ መጋላ የምትመላለስ፣ በሸዋ በር የምትገባና የምትወጣ፣ ባጃጅህን አቁም፤ ጫትህን ወደ አንድ ጉንጭህ ገፋ አድርግና አድምጥ! ቁመቷ ሦስት ጀሪካን ቢደራረብ የሚሆን፣ የሁለት ቧንቧ ገዥ (አንደኛው ውሃ ካየ ሰባት ዓመት አልፎታል)፣ የአንድ ቁልፍ፣ የአንድ በርጩማና የአንድ አጣና ባለቤት የሆነችው ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንደሻው ከመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የሰላም አምባሳደርና የግጭት አፈታት ባለሙያ ሆና ተሹማለች። ሰፊው የጀሪካን ሕዝብ ይህንኑ አውቆ ይገዛላት። ባልዲም፣ ሳፋም፣ ክዳኑ የጠፋበት ባለ አምስት ሊትሩ የዘይት ዕቃም ሳይቀር!

አዋጁ በነጋሪት አልተነገረም። ዘመኑ የባነር ነው። ባነሩ ላይ የተናኘወርቅ ፎቶ ከአንዲት ነጭ ርግብ አጠገብ ተለጥፏል፤ ርግቧ ከእሷ ትበልጣለች። ባነሩን ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ቁልፉን ለማን ሰጥታ ነው አምባሳደር የምትሆነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ተናኘወርቅ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችውን የሕዝብ ውሃ ቦኖ መጠበቅ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን አርባ ሰው ይሰለፋል፤ አርባ ሰው ማለት ግን አርባ ድንጋይ ማለት ነው። ሰው ዋዜማውን ድንጋዩን በተራው አስቀምጦ ቤቱ ይገባል፤ ድንጋዩ ባለቤቱን ወክሎ ያድራል። የየሰው ድንጋይ ይታወቃል፦ የአንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ የአንዱ ከፈረሰ አጥር የተነሳ፣ የአንዱ ኖራ የተቀባ። በዚህች ከተማ ሳያጉረመርም ተራውን የሚጠብቅ ዜጋ ቢኖር ይኸው ድንጋይ ነው። ጠቡ የሚጀመረው ባለቤቶቹ ሲመጡ ነው።

የተናኘወርቅ ሙያም የተጀመረው እዚያው ጭቃው ላይ ነው። በሥራዋ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሴቶች በባዶ ጀሪካን ተደባደቡ። ሽማግሌ ይጠራ ተባለ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ መረቁ፣ መከሩ፣ ዘር ማንዘር ቆጠሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ውሃው ሄዷል። ያን ቀን ተናኘወርቅ አንድ ነገር ገባት፦ ሽማግሌ ጊዜ አለው፣ ቧንቧ ግን ጊዜ የለውም። በሚቀጥለው ፈረቃ እነዚያው ሴቶች ሲተናነቁ ከጣሪያዋ የተረፈ አጭር አጣና ይዛ መጣች። አንድ ጀሪካን ሞላች፤ አጣናውን በእጀታው አሳለፈችና አንዷን ከፊት፣ አንዷን ከኋላ አቆመቻቸው።

«አዴ ናፊያ ቤት አድርሱ» አለቻቸው። አዴ እናት ማለት ነው፤ ናፊያም ዓይናቸው የጠፋ፣ ሰልፍ መቆም የማይችሉ አሮጊት ናቸው፤ ያኔም አሮጊት ነበሩ። «ስለ ጠባችሁ ማውራት ክልክል ነው። ውሃው ከፈሰሰ የሰልፉ ጭራ ላይ ናችሁ።»

ሕጉ ይኸው ነው፤ ማሻሻያም መግቢያም የለውም። የጀጎል መንገድ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አያስኬድም። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፤ ከኋላ ያለው የባላጋራውን ማጅራት ብቻ ያያል። ስለዚህ የፊተኛው መናገር ግዱ ነው፦ ድንጋይ አለ፣ ደረጃ ነው፣ ዝቅ በል የልብስ ገመድ አለ። የኋለኛው ደግሞ ቀስ በል፣ እጄ ዝሏል ይላል። ናፊያ ቤት ሲደርሱ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ያውም አንድም ውሸት ሳይጨምሩ። አሮጊቷም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይመርቃሉ። ማን ቀድሞ እንደተሳደበ አይጠይቁም።

አስጎብኚዎች ለፈረንጅ የሚያሳዩት፣ ግድግዳና ግድግዳው ሊሳሳሙ ምንም ያልቀራቸው «የእርቅ መንገድ» የሚባል አለ። ተጣልቶ እዚያ የተገናኘ ሰው ሳይታረቅ አይተላለፍም ይባላል። ተናኘወርቅ አንድም ባለጉዳይ ወደዚያ ልካ አታውቅም። «እሱ ለፎቶ ነው፤ ጀሪካን አያሳልፍም» ትላለች።

ስሟ ከቦኖው አልፎ የወጣው በአህያ ምክንያት ነው። ጀማል ከድሬ ጠያራ ድንች ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ነው፤ ዮሐንስ ደግሞ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪናውን ደጃፍ አውጥቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ። አንድ ሐሙስ የጀማል አህያ ዮሐንስ የሰቀለውን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ነክሳ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ጎተተችው። ነገሩ የአህያ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ግን የሙስሊምና የክርስቲያን ሊሆን ጫፍ ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሸተው አንገቱን አስግጎ የሚሰበሰብ ሥራ ፈት በየትኛውም ከተማ አይታጣም። አስተዋይ ሰዎች ሁለቱን እየጎተቱ ቦኖው ላይ አመጧቸው።

«አዴ ተናኜ፣ ወላሂ አህያዋ አውቃ አይደለም! ነጭ ሲሆንባት ዱቄት መሰላት» አለ ጀማል።

«የሙሽራ ነው እኮ! እሑድ ሰርግ ነው! ልጅቷን ምን ልበላት? ቀሚስሽን አህያ በላው ልበላት?»

«አቦ፣ አልበላችውም፤ ቀመሰችው።»

«እትዬ ተናኜ፣ ይሰማሉ? እየቀለደብኝ ነው!»

«አንሱ» አለች ተናኘወርቅ አጣናውን እያቀበለች።

ሥራ ፈቶቹ ጥቂት ተከትለዋቸው፣ ከ«ደረጃ ነው» እና ከ«ቀስ በል» በቀር የሚሰማ ነገር ስላጡ ተበተኑ። ሁለቱ ሲመለሱ ዮሐንስ እየሳቀ ነበር። የቀሚሱ ጫፍ ተቆርጦ አጠረ፤ ሙሽራዋም ፋሽን ነው ብላ ለበሰችው። ጀማል ከዚያ ወዲህ ድሬ ጠያራ ውስጥ በድንበርም፣ በውሃ ቦይም የተጣላ ሁሉ ሲያጋጥመው «ጀጎል አንዲት አጭር ሴት አለች» እያለ ይልካል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለባነር በቂ ነበር። ርግቧም ደስ ይላት ነበር። ግን ተናኘወርቅ ባነሩ የማያውቀው አንድ ግድግዳ አላት።

ከግድግዳው ወዲያ ዋፊቃ ትኖራለች። የሌማትና የሙዳይ ስፌት ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ የአለላ፣ የተነከረው የስፌት ሣር፣ ቀለም እንደነካቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቶች ናቸው። በረመዳን ሳምቡሳ ከዚያ ወደዚህ፣ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ከዚህ ወደዚያ ሲሻገር ኖሯል፤ ሥጋውን ብቻ እያንዳንዷ ለየራሷ። ተናኘወርቅ ስታምጥ የዋፊቃን ክንድ ነክሳለች፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ላለፉት አራት ዓመታት ግን ቃል አልተለዋወጡም።

መነሻው ድንጋይ ነው። የዋፊቃ ድንጋይ ቀይ አለላ የታሰረበት፣ ከሩቅ የሚታወቅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የድርቅ ሳምንት ዋዜማውን ዘጠነኛ ተራ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ጠዋት ሦስተኛ ተራ ላይ ተገኘ። እሷም ሳትቆጥር በድንጋይዋ አጠገብ ጀሪካኗን አቆመች። ሰልፉ ተንጫጫ።

«ወላሂ አልነካሁትም» አለች ዋፊቃ።

ተናኘወርቅ ያን ቀን ደክሟት ነበር፤ ሕዝቡ ጮሆባታል፤ ለጎረቤቷ ታዳላለች እንዳትባልም ፈርታለች። «ዋፊቃ፣ ዋሽተሻል። ወደ ጭራ ሂጂ» አለች። ያ ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ጨመረችበት፦ «መሐላሽንም ቤትሽ ወስደሽ ማይው።»

ዋፊቃ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ውሃ የምትቀዳው ዳገቱን ወጥታ ከሌላ ቦኖ ነው።

በሳምንቱ ተናኘወርቅ ገና ጎህ ሲቀድ ነፋስ የበተነውን የጫት ገረባ፣ ተቅሞ የተጣለውን ቅጠልና እንጨት፣ ከቦኖው ፊት ልትጠርግ ወጣች። ድንጋዮቹን ወደ ግድግዳው ሰበሰበች፤ ጠረገች፤ ከዚያም በልማዷ በቃል እያስታወሰች ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። መሐል ላይ እጇ ቆመ። በዚያ በጠቡ ቀንም ጠርጋ ነበር። ያን ቀንም መልሳ ደርድራ ነበር። ቀይ ነገር ዓይን ይስባልና ሁለት አስቀምጣ ሦስተኛውን ስትፈልግ ቀድሞ እጇ የገባው የዋፊቃ ድንጋይ ነበር።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የዚያኑ ቀን ሄዳ መናገር ነበረባት። አልሄደችም። ዳኛዋ ራሷ ድንጋይ ታዛውራለች ከተባለ ከእንግዲህ ማን አጣና ያነሳላታል? ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገ ደግሞ ነገን ወለደ። አራት ዓመት ሙሉ ዋፊቃ የሞላ ጀሪካን ይዛ በደጇ ስታልፍ ከውስጥ ሆና ትሰማታለች። የት እንደምታርፍ ታውቃለች፦ ዳገቱ ላይ አንዴ፣ ማጠፊያው ላይ አንዴ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሦስተኛ ማረፊያ ተጨምሯል፤ እዚሁ ከተናኘወርቅ በር ፊት ለፊት። የሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን መሬት ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማ ምሳ የሚጣፍጠው ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

አምባሳደርነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ፎቅ የተከራየ አንድ የሰላም ፕሮጀክት ስለ አጣናው ሰማና ብሌን የምትባል ወጣት ባለሙያ ላከ። ብሌን ቀና ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የመጠይቁ ነው።

«እትዬ ተናኜ፣ የሚከተሉት ስልት ምን ይባላል?»

«አጣና።»

«ማለቴ... ግጭቱን ከመተንተን ነው የሚጀምሩት?»

«ከመሙላት ነው የምጀምረው። ጎዶሎ ጀሪካን ይናወጣል።»

ብሌን ይህን ጻፈች። አለቃዋ ደረጀ ደግሞ በአራት ቀስትና በሁለት ክብ አስጊጦ ስክሪን ላይ አወጣው፤ ስሙንም «የአጣና ሞዴል» አለው። አቶ ደረጀ በአሥራ አንድ ከተሞች ስለ ሰላም አሠልጥኗል፤ በአሥራ አንዱም ከተሞች ምሳው መልካም እንደነበር ተሳታፊዎች በግምገማቸው አረጋግጠዋል። ሹመቱ ቅዳሜ በአዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ። ከሹመቱ በፊት ግን አንድ ፎርም መሞላት ነበረበት። ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ እንዲህ ይላል፦ «እጩዋ በአሁኑ ወቅት ከማንም ግለሰብ ጋር ያልተፈታ ግጭት የሌለባት መሆኑን የቅርብ ጎረቤት በፊርማው ያረጋግጥ።»

ዮሐንስ እኔ እፈርማለሁ አለ። አሚና የምትባለዋ የማዶ ጎረቤትም እኔም አለች። ማንም ይፈርም ነበር። ተናኘወርቅ ግን ወረቀቱን ከሰኞ እስከ ሐሙስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ስታየው ሰነበተች። የቅርብ ጎረቤት አንድ ብቻ ነው ያላት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የዋፊቃ ደጃፍ ላይ ቆመች። ፎርሙን በእጇ ይዛ ነበር፤ ይኸው ደግሞ ሁለተኛው ጥፋቷ ነው።

ዋፊቃ ስፌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በወስፌዋ ትወጋለች። ቀና አላለችም።

«የአምባሳደሯ መኪና የት ቆመ? በዚህ መንገድ ኮብራ አይገባም እኮ።»

«አትቀልጂብኝ፣ ዋፊቃ።»

«አራት ዓመት የቀለድኩብሽ የለም፤ ተጠራቅሞብኛል። ምንድነው የያዝሽው?»

«ፎርም ነው። ጎረቤት ይፈርም ይላል።»

«ምን ብሎ?»

ተናኘወርቅ ሰባተኛውን ተራ አነበበች። ዋፊቃ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር የሌለበት ሳቅ።

«የእኔ ፊርማ ምን ያደርግልሻል? መሐላዬን እንኳ ወደ ቤቴ መልሰሽልኛል።»

«ድንጋይሽን ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አለች ተናኘወርቅ።

ወስፌው ቆመ።

«ገረባ ስጠርግ። መልሼ ስደረድር ቀይ ስለሆነ ቀድሞ እጄ ገባ። ሳላውቅ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በሳምንቱ።»

«በሳምንቱ።» ዋፊቃ ስፌቱን ከጭኗ አወረደች። «አራት ዓመት እኮ ነው ተናኜ! እኔ ራሴን ጠርጥሬያለሁ፤ ታውቂያለሽ? በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ አዛውሬው ይሆን እንዴ ብዬ ልጄን ሪድዋንን ጠይቄዋለሁ። ያ አላህ፣ በሐሰት ምዬ እንዳይሆን ብዬ ጾሜያለሁ! አንቺ ግን ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብለሽ ታውቂዋለሽ።»

«ይቅር በይኝ።»

«እዚህ ነው የምትይኝ? በአራት ግድግዳ መሐል? የሰደብሽኝ እዚህ ነው?»

«ሰልፉ ፊት ነው።»

«እንግዲያው መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለችና ስፌቷን አነሳች።

ቀጣዩ ፈረቃ ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሹመቱም ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቁልፉን ዮሐንስ ሊይዝላት ተስማምቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ጥለቱን የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ብሌን በባጃጅ መጥታ ትጠብቃታለች። ተናኘወርቅ ባጃጁን አልፋ ቦኖው ጋ ሄደች፤ ቁልፉን ከዮሐንስ ተቀብላ ቧንቧውን ከፈተችና በርጩማዋ ላይ ወጣች። በርጩማ ላይ ወጥታም ቢሆን ከሰልፉ ራስ በጥቂቱ ነው ያለፈችው። ሰልፉ ጭራ ላይ፣ አርባ አንደኛ፣ አዲስ ቀይ አለላ የታሰረበት ድንጋይ ነበር። ዋፊቃ ከድንጋይዋ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች!» አለች ተናኘወርቅ። «የዛሬ አራት ዓመት ዋፊቃን ውሸታም ያልኩት እዚህ ነው። የዋሸችው እሷ አይደለችም። ድንጋዩን ገረባ ስጠርግ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ አወቅሁ፤ አፍሬና ፈርቼ ዝም አልኩ። መሐላዋ እውነት ነበር።»

ውሃው በጀሪካኑ አፍ እየተትረፈረፈ ይፈሳል፤ የሚዘጋው ሰው የለም። ከዚያ ሰፊው የጀሪካን ሕዝብ አፉን ከፈተ።

«እንዲያ ከሆነ የእኔም የዛሬ ስምንት ዓመቱ ይታይልኝ!»

«የባልዲዬ ነገር ይግባኝ!»

«እኔንስ በረመዳን ጭራ ላይ ያቆምሽኝ?» አለች አሚና።

«ያንቺ ልክ ነበር» አለች ተናኘወርቅ።

«እሱን በምን አምነን?»

«አትመኑኝ» አለች ተናኘወርቅ። «ከዛሬ ጀምሮ ስጠርግ ሁለት ሰው ቆሞ ይቁጠርብኝ።»

ብሌን ክንዷን ነካ አደረገቻት። «እትዬ ተናኜ፣ አዳራሹ ሞልቷል። ካሜራውም ዝግጁ ነው፤ እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቁት።»

«ልጄ፣ ውሃ መጥቷል» አለቻት።

ብሌን ሰልፉን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ስልኳን አጠፋችና የተትረፈረፈውን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ሳበችው። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሆነ በኋላ ተሰምቷል፦ አቶ ደረጀ የምስክር ወረቀቱን ስለ እጩዋ ሆኖ ከራሱ ተረክቦ ለራሱ አጨብጭቧል። ወረቀቱ አሁን ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። ባነሩ ላይ ያለችው ርግብ ደህና ናት።

ዋፊቃ ከጭራው ተነስታ በሰልፉ ጎን መጣች። የሞላውን ጀሪካን አየችና ከበሩ ላይ የተደገፈውን አጣና አነሳች።

«የት ነው የሚደርሰው?»

«አዴ ናፊያ ቤት።»

«ከፊት ሁኚ። እኔ ማጅራትሽን እያየሁ ልምጣ።»

ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል። የተናኘወርቅ ጉልበት አይታጠፍላትም፤ የዋፊቃ ትከሻ የዳገቱን አራት ዓመት ተሸክሟል። ቁልቁል ጀመሩ።

«ድንጋይ አለ» አለች ተናኘወርቅ።

«የት ጋ? ጠርገሽ ያዛወርሽው እንዳይሆን።»

«በግራ። ደረጃ ነው... ሁለት ነው።»

«እየቆጠርኩብሽ ነው።»

ማጠፊያው ላይ ሲደርሱ ዋፊቃ ሁልጊዜ የምታርፍበት ቦታ ነውና ሳይነጋገሩ አቆሙ። መንገዱ ዘመም ስለሚል ጀሪካኑ ተንገዳገደ። ጥቂት ውሃ ፈሰሰ። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም ሕጉን ያውቁታል፤ ወደ ጭራ እንመለስ ያለች ግን የለችም።

«ያ ፎርምሽ የታለ?» አለች ዋፊቃ።

ተናኘወርቅ ከጉያዋ አወጣችው። ዋፊቃ ለአራት አጠፈችውና ከጀሪካኑ ሥር፣ በዝቅተኛው በኩል ሸጎጠችው። ጀሪካኑ ቀጥ አለ።

«ይኸው፣ ፈረምኩ» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ ደግሞ፦ «ጉልበትሽን ሐኪም አይቶታል?»

ይቅር ትበላት አትበላት ገና አልተናገረችም። የናፊያ ቤት ደግሞ ገና ግማሽ መንገድ ይቀረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ መንገድ የምታልፍ ከሆነ አታግዛቸው። ፎቶም አታንሳቸው፤ እሱን የሚወዱ ሌሎች አሉ። ይልቅስ ለራስህ አንድ ነገር ተለመነኝ። ግድግዳ አንተም አለህ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ሸክሙን የት የት እንደሚያሳርፍ ታውቃለህ፤ ድንጋዩን ማን እንዳዛወረውም ታውቃለህ፤ ካወቅህም ከሳምንት በላይ ሆኖሃል። ጀሪካን ከቤትህ አይጠፋም። አጣና ከአጥርህ ይመዘዛል። እንግዲህ እባክህ፣ ይህን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ክተትና፣ ተነስተህ ያንን በር አንኳኳ።